አዲስ የቁጠባ ደብተር ሲያንስ እናቶችን ማን ጠየቃቸው?

የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በየወሩ መጨረሻ ከሚመለከቷቸው ቁጥሮች አንዱ በወሩ ውስጥ አዲስ የቁጠባ ሂሳብ የከፈቱ ሰዎች ብዛት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይገኝም። ሲቀንስ ግን ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባውም ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «የኅብረተሰቡ የቁጠባ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ይባላል። በተለይም «የሴቶች ግንዛቤ» ይባልና፣ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና ከተማውን አንድ ቀን ሲዞር ይውላል፣ ኮፍያና ካናቴራ ይታደላል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ይህ ዐምድ ዛሬ ወደ አሰላና ወደ አርሲ ደጋ ወጣ ብሎ ይህን የተለመደ መልስ ሊመረምረው ይፈልጋል። ለመሆኑ የአርሲ ሴት ቁጠባ አታውቅም ማለት ይቻላልን?

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው አሰላ የስንዴና የገብስ አገር እንብርት ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኢተያ፣ ሁሩታ፣ ሳጉሬና በቆጂ የምትኖር እናት ከወተቱ ቅቤ ታወጣለች፤ ከቅቤው ሽያጭ ጥቂት ጥቂቱን ይዛ ግልገል ትገዛለች፤ ግልገሏ አድጋ ትወልዳለች፤ በጎቹ ተሸጠው ጊደር ይሆናሉ። በኦሮሞ ባህል የወተትና የቅቤ ጉዳይ በሴቲቱ እጅ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የተጠራቀመው ሀብት የእርሷ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የከተማዋ እናት ደግሞ በጉሊትም ትዋል በቢሮ ዕቁቧን ትጥላለች። ዕቁብ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቀን አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ይጠራል፣ ያጓደለ ይቀጣል። ልጇ ታሞባት እንኳ ከጎረቤት ተበድራ ዕቁቧን የምትጥል ሴት «ቁጠባ አታውቅም» ስትባል መስማት የሚያሳዝን ነው።

እንግዲያው ጥያቄው «ለምን አትቆጥብም?» የሚል መሆን የለበትም። «የቆጠበችውን ለምን ወደ ባንክ አላመጣችውም?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋቱን ከእናትየዋ ላይ ይጥላል። ሁለተኛው ግን የባንኩን በር እንድንመለከት ያስገድደናል።

ወደ በሩ ከመድረሳችን በፊት ግን ቁጥሩ ራሱ መመርመር ይኖርበታል። «ቀነሰ» ሲባል ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው? መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖቶችን እንደሚቀይር ባስታወቀ ጊዜ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር አሮጌ ኖቶች በ3 ወር ውስጥ እንዲለወጡ፣ አዲስ የ200 ብር ኖትም እንዲወጣ ተወሰነ። ከተወሰነ መጠን በላይ ያለው ገንዘብም የሚለወጠው በባንክ ሂሳብ በኩል ነበር። ያን ጊዜ ከሣጥን፣ ከፍራሽ ሥርና ከእህል ጎተራ የወጣው ገንዘብ ወደ ባንክ ሲጎርፍ፣ ደብተር ኖሮት የማያውቅ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ደብተር አወጣ። እንዲህ ያለው ማዕበል በየዓመቱ አይመጣም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ወር ከዚያ ወር ጋር እያነጻጸሩ «ቀነሰ» ማለት፣ የሠርግ ማግስት የተበላውን እራት ከሠርጉ ድግስ ጋር እንደማነጻጸር ያለ ነው።

ወቅትም አለ። በአርሲ ደጋ ገብሱና ስንዴው ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ በታኅሣሥና በጥር ይወቃል፣ ይሸጣል። የቢራ ገብሱም ለአሰላ ብቅል ፋብሪካና ለመሰሎቹ የሚቀርበው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎተራው ጎድሏል፣ ገንዘቡ ለማዳበሪያ ወጥቷል፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪም ከፊት ቆሟል። በዚህ ጊዜ አዲስ ደብተር የሚያወጣ ቢያንስ ምን ይደንቃል? ሐምሌ መመዘን ያለበት ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጋር ነው። ደመወዝተኛውም ቢሆን ሂሳብ የሚከፍተው መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን በባንክ ስለሚከፍለው ነው። በአካባቢው አዲስ ቅጥር ሲቀዘቅዝ የደብተሩ ቁጥርም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ከግንዛቤ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አንዳንዶች «ሰዉ ሁሉ ሂሳብ ከፍቶ ስለጨረሰ ነው» ይላሉ። በከፊል እውነት አለው። የዓለም ባንክ በየጊዜው ባደረገው ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ሂሳብ ያለው አዋቂ ሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ከመቶ 22፣ በ2017 ከመቶ 35፣ በ2022 ደግሞ ከመቶ 46 ደርሷል። ይሁን እንጂ በ2017 በተደረገው ጥናት ከመቶ ወንዶች 41 ሂሳብ ሲኖራቸው ከመቶ ሴቶች የነበራቸው 29 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ተሟልቷል» የሚለው ምክንያት ለወንዶቹ ወደፊት ሊያገለግል ይችል ይሆናል እንጂ ለሴቶቹ ገና አልደረሰም።

ከቅርንጫፉ መዝገብ ውጭ የሚከፈተውም ሂሳብ አይረሳም። በደርግ ዘመን አንዲት የአሰላ እናት ገንዘቧን ባንክ አስቀምጣለሁ ብትል መሄጃዋ ንግድ ባንክ ነበር። የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ ግን በአገሪቱ ያሉት ባንኮች ከ30 በልጠዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ከዳሸን ባንክ ጋር «ሳንዱቅ» የተባለ የቁጠባ አገልግሎት ጀምሯል። ከገበያ ሳትነሣ በስልኳ የምትቆጥብ ሴት ከአንዱ ቅርንጫፍ መዝገብ ላይ ብትጠፋ ከቁጠባ ጠፋች ማለት አይደለም።

በአርሲ ምድር በተለይ ሊታወስ የሚገባው «ሲንቄ» ነው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ባል በደል ሲፈጽም፣ በተለይ አራስ ሚስቱን ሲመታ፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በእልልታ ይወጣሉ፤ በዳዩም ካሣ ከፍሎ ይቅርታ እስኪጠይቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በ1989 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ባንክነት ሲለወጥ ስሙን የወሰደው ከዚህችው በትር ነው። ስም ብቻውን ደንበኛ አያመጣም፤ ነገር ግን አንዲት ሴት «ይህ ቤት የእኔ ነው» ብላ እንድትገባ ስም ምን ያህል እንደሚረዳ ሌሎቹም ባንኮች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሃይማኖትም ምክንያት ነው። በአርሲ ብዙው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ወለድ መቀበል ደግሞ በእስልምና የተከለከለ ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ባንኮች ይህን አገልግሎት ለብቻው ይሰጣሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑም ተቋቁመዋል። ሆኖም በመስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «የቁጠባ ሂሳብ» ሲባል መጀመሪያ ስለ ወለዱ ብዛት የሚያስረዳ ከሆነ፣ እናትየዋ አመስግና ትወጣለች እንጂ ሌላ ዓይነት እንዳለ አትጠይቅም። ሠራተኛው ግን «ግንዛቤ የላትም» ብሎ ይመዘግባታል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። አንዲት በአሰላ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር እናት እንውሰድ። ከንጋት ጀምራ ከጅምላ ሻጩ ታነሣለች፣ እስከ ማታ ትሸጣለች። ባንኩ የሚሠራው እርሷ በምትሠራበት ሰዓት ነው። ሂሳብ ለመክፈት ብትሄድ ዕቃዋን ለማን ትተዋለች? ጎረቤቷን ለምና ሄደች እንበል። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል፤ ማሳደስ አለባት። ቀበሌ ሄዳ አሳድሳ ተመለሰች። ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ተባለች። ፎቶግራፉን ይዛ ስትመጣ ደግሞ የፋይዳ ቁጥር ተጠየቀች። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የፋይዳ መታወቂያ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት በደረጃ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። የመታወቂያው ጥቅም አያጠያይቅም፤ በሰው ስም ሂሳብ የሚከፍተውን አጭበርባሪ ያስቀራል። ዳሩ ግን ለእርሷ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ የጠፋ የገበያ ቀን ነው። በሥራ ብዛት የጣቷ አሻራ የተፋቀ ሴት ደግሞ መሣሪያው ደጋግሞ እንቢ ሊላት ይችላል። በቤት ስሟ ስትጠራ ኖራ በመታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም ያላት፣ የአባቷ ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ ፊደል በሌላው በሌላ ፊደል የተጻፈባትም አለች።

እንግዲህ ይህች ሴት በሦስተኛው ቀን ባትመለስ ማን ይመዘግባታል? ማንም። የባንኩ መዝገብ ደብተር ያወጣችውን እንጂ ከመስኮቱ የተመለሰችውን አይቆጥርም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ባንኩ የሚመጡ ሴቶች ቁጥር ከቀነሰ ምክንያቱ ውጭ ነው፤ የኑሮ፣ የወቅት ወይም የሌላ ባንክ ጉዳይ ነው። የሚመጡት ብዛት ሳይለወጥ ደብተር የሚያወጡት ካነሱ ግን ምክንያቱ ከመስኮቱ ጋር ነው። ሁለቱን ለመለየት ከአንድ ወረቀትና ከአንድ እርሳስ የበለጠ አያስፈልግም፤ ጥበቃው ወይም አስተናጋጁ ለሁለት ሳምንት ያህል «ሂሳብ ልከፍት መጣሁ» ያለችውን ሁሉ፣ ሳትከፍት ከተመለሰችም ያጎደለችውን ነገር ይጻፍ። ከመቶ ተመላሾች ስልሳው በፎቶግራፍ ምክንያት መመለሳቸው ቢታወቅ፣ መድኃኒቱ በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ካሜራ ይሆናል እንጂ ድምፅ ማጉያ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና በስብሰባ ላይ የማይነሣው የስልኩ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሂሳብ ሲከፈት የስልክ ቁጥር ይጠየቃል፤ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ አጭር መልእክት ይላካል። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ እርሱም በባል እጅ ነው። ሚስት ከሽንኩርቱ ትርፍ 300 ብር ብታስገባ፣ ከገበያ ሳትመለስ መልእክቱ ከባልየው ኪስ ውስጥ ጮኾ ይጠብቃታል። ባሏ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ግን ገንዘብ መኖሩ ከታወቀ ዘንድ ጥያቄው ይከተላል፤ የወንድም ለቅሶ አለ፣ የዘመድ ሠርግ አለ፣ የራሱም ዕዳ አለ። በግ ቢሆን «እርጉዝ ናት» ተብሎ ይታለፋል፣ ዕቁብም «ዕጣው ገና ነው» ያሰኛል። የባንክ ገንዘብ ግን በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ እንደሚችል ሁሉም ስለሚያውቅ መከለያ የለውም። እናቶች ዕቁብን ከባንክ የሚመርጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ እንጂ የወለድ ስሌት አለመቻል አይደለም።

ሕጉ ከቀድሞው ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ፣ እያንዳንዳቸው ገቢያቸውን በግል ወይም በጋራ የባንክ ሂሳብ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል፤ የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ መሆኑ አይቀርም። ቢሆንም ደብተሩ በእናትየዋ ስም ሲሆን ያለ ፊርማዋ አይወጣም፤ የልጆች ደብተርና ጫማም በጊዜው ይገዛል።

የዚህን ጥቅም በኬንያ የተደረገ አንድ ጥናት ያሳያል። በምዕራብ ኬንያ ለገበያ ሴቶችና በብስክሌት ሰው ለሚያመላልሱ ወንዶች ሂሳብ እንዲከፈትላቸው ተደረገ። ሂሳቡ ወለድ አይከፍልም ነበር፤ ጭራሽ ገንዘብ ሲወጣ ያስከፍል ነበር። እንዲህም ሆኖ ሴቶቹ በንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብ አደገ፤ በወንዶቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ሴቶቹ የፈለጉት ትርፉን ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከእጅ ርቆ የሚቀመጥበትን ቦታ ነበር ማለት ነው።

ይህን ካልን ስለ ወለዱም አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም ሴቶች ሒሳብ አያውቁም የሚለውን ወሬ ያፈርሰዋል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት 7 በመቶ ነው። 10,000 ብር ያስቀመጠች እናት ከዓመት በኋላ 10,700 ብር ታገኛለች። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ በ15 በመቶ ቢጨምር ግን በ10,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ 11,500 ብር ይሆናል፤ 800 ብር ጎደለባት ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ጭማሪ በአገር ደረጃ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ እናስታውሳለን። ጤፍና ዘይት የምትገዛ ሴት ይህን ከማንም ባለሙያ ቀድማ ታውቀዋለች። ገንዘቧን ወደ በግና ወደ ገብስ የምትለውጠው አርቃ ስላሰበች ነው። የባንኩ ብልጫ በሌላ ነገር ነው፤ ደብተር በበሽታ አይሞትም፣ በነቀዝ አይበላም፣ ሌባም አይነዳውም። ባንኩ ይህን ትቶ ስለ ወለዱ ብዛት ቢሰብክ የሚያምነው ያጣል።

በመጨረሻም «አዲስ ደብተር» የሚለው ቁጥር ራሱ አሳሳች መሆኑን መጥቀስ ያስፈልጋል። በዩጋንዳ፣ በማላዊና በቺሊ በተደረገ ጥናት ለሰዎች ያለ ምንም ወጪ የቁጠባ ሂሳብ ተከፈተላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ገንዘብ ያስገቡት በዩጋንዳ ከመቶ 17፣ በማላዊ ከመቶ 10፣ በቺሊ ከመቶ 3 ብቻ ሆኑ። በእኛም አገር በሽልማት ዕጣ፣ በዘመቻና በሠራተኛ ኮታ የተከፈተ ደብተር ብዙ ነው፤ 50 ብር ገብቶበት ከሣጥን ሥር የተኛውን እያንዳንዳችን ቤታችንን ብንፈትሽ እናገኘዋለን። አዲስ ከፋች ፍለጋ በየቀበሌው የሚዞር ባንክ የተኙትን ደብተሮች ባለቤቶች ረስቶ ከሆነ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ደርሶበታል።

ሂሳብ ለመክፈት ያሰበች እናት ከመሄዷ በፊት በመታወቂያዋና በፋይዳዋ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ትመልከት፤ የሚቻላት ከሆነ በራሷ ስም ሲም ካርድ ታውጣ። በመስኮቱ ላይ ሦስት ነገር ትጠይቅ፤ ከወለድ ነፃ የሆነ ሂሳብ አላችሁ ወይ፣ የአጭር መልእክቱስ ማስታወቂያ ሊቀር ይችላል ወይ፣ ለተወሰነ ጊዜ የማይወጣ ተቀማጭስ ከስንት ብር ይጀምራል ብላ። ባንክ ቢዘጋ ገንዘቤ ይጠፋል ለምትል፣ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። ዕቁቧንም መተው የለባትም። የበረታው መንገድ ዕቁቡ የወጣለት ቀን፣ ገንዘቡ ቤት ሳይገባ፣ ከዕቁቡ ጸሐፊ ጋር ሆኖ በቀጥታ ወደ ባንክ መሄድ ነው። የአሰላ ባንኮችም ሠራተኛቸውን ቅጽና ካሜራ አስይዘው ዕቁብ ወደሚጣልበት ቤት፣ ዕቁብ በሚጣልበት ቀን ቢልኩ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚከፈተውን ደብተር ድምፅ ማጉያው በወር ከሚያመጣው ጋር ለማነጻጸር ይችላሉ።